ለቆቅ የተመረጠው ጉሮሮ

ሱቅ ገብታችሁ ሰባት ዓይነት ሳሙና ፊት ቆማችሁ ስታመነቱ ሳያችሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እቀናባችኋለሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረም። የቀበሌው ሱቅ የሚሸጠው ሳሙና አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ሲኖር። ሸሚዝ ካኪ ነው። ጫማ ያው የላስቲክ ጫማ ነው። ስብሰባ ላይ «የሚደግፍ?» ሲባል እጅ ይወጣል፣ «የሚቃወም?» ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ «ድምፀ ተዓቅቦ?» ሲባል አንዱ ምስኪን ያስነጥስና በገዛ ንጥሻው ይደነግጣል። መምረጥ የሚባለው ነገር ሳይሠራበት እንደሚቀመጥ ዕቃ እጃችን ላይ ዝጎ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ ሽማግሌ ሦስት የብረት ቁራጮችና ሦስት ጥይቶች ፊቴ ደርድረው «የቱ ከየቱ ጋር ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁኝ የያዘኝን ነገር አስቡት። ያልበኝ ጀመር። ደግሞም ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ይህ ግን አገራችን ውስጥ ምክር ከመስጠት ማንንም ከልክሎ አያውቅም።

ያን ጊዜ ሮቤ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የባሌ ብርድ ግን አውቶቡስ ተራው ላይ ጠብቆ፣ ሻንጣዬን ገና ሳላወርድ ተዋወቀኝ። ቅዳሜና እሁድ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር መሠረተ ትምህርት እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ መጻፍም በዚያው ተጫነብኝ። ገበሬዎቹ ከእርሻ ደክመው መጥተው «ሀ ሁ» ለማለት እንዲበረቱ፣ በየሳምንቱ አንድ የፈጠርኳትን ነገር እደጋግምላቸው ነበር። «አስተውሉ» እላለሁ ጠመኔዬን ከፍ አድርጌ፣ «በዛሬ ጊዜ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው። መሬትህም፣ በሬህም፣ ስምህም ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የለም!» አነጋገሬ ለእኔው ለራሴ ደስ ይለኝ ነበር። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ኦቦ ደቻሳ ግን ይህን ስል ሁልጊዜ እርሳሳቸውን አስቀምጠው በጥሞና ያዩኛል።

ኦቦ ደቻሳ ስድሳን የተሻገሩ፣ አጠር ያሉ፣ ሲሄዱ ሣሩ እንኳ የማይሰማቸው ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ባሌ ለሚመጡ ፈረንጆች መንገድ መሪ ነበሩ። አንደኛው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ነጠላ አፍ የወፍ ጠመንጃና አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ትቶላቸው ሄደ። ሌሎች ጠመንጃዎች በየጊዜው በአዋጅ ሲሰበሰቡ ይህቺኛዋ የተረፈችው በሥራዋ ነው፤ የማኅበሩን የዘር ገብስ ከቆቅ ትጠብቃለች። ቆቅን የማታውቁ የከተማ ሰዎች ትኖሩ እንደሆነ፣ ከዶሮ ትንሽ የምታንስ፣ ጎህ ሲቀድ ማሳ ውስጥ ገብታ የተዘራውን ፍሬ አንድ በአንድ ጭራ የምታወጣ፣ ከዚያም እላዩ ላይ ቆማ እንደ ስብሰባ መሪ የምትጮህ ወፍ ናት።

ጠመንጃዋ የኦቦ ደቻሳ ብትሆንም የምትጠራው በልጃቸው በግርማ ነበር። አንድ ልጃቸው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከሰሜን የሚመጡትን ደብዳቤዎቹን ለአባትና ለእናት የማነበው እኔ ነኝ፤ መልሱንም እኔው እጽፋለሁ። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አይጽፍም፤ አይጻፍምም። ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ይህቺን ያስቀምጣል፦ «አባባ፣ ጠመንጃዬን አደራ። ስመለስ የሰቀልኩበት ላግኛት።» ይህን ሳነብ እናቱ አዴ ወርቄ ወደ ግድግዳው ዘወር ብለው ጠመንጃዋን ያያሉ። እዚያው ናት። ጠመንጃዋ የተሰቀለችበትን ካስማ ያጠበቀ ሰው፣ የልጁን መመለሻ ያጠበቀ ያህል ነበር ለእነሱ። እኔም ቀስ በቀስ እንደዚያው ማሰብ ጀመርኩ፤ ፊዚክሱን ተዉት።

ከዚያ ጓድ ታደለ መጣ። አዲስ የተመደበ ካድሬ ነው፤ ወጣት፣ ንጹሕ፣ መጥፎ ሰው ያልነበረ፣ መመሪያ ግን እንደ ዳዊት የሚደግም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «በግለሰብ እጅ ያለ የጦር መሣሪያ ሁሉ ወደ ማኅበሩ ግምጃ ቤት ይገባል» አለ። ኦቦ ደቻሳ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጓድ፣ ይቺ የጦር አይደለችም። የቆቅ ናት።»

«ለምርት ጥቅም የምትሰጥ ከሆነ በተግባር ትረጋገጥ» አለ ጓድ ታደለ። «በሚመጣው እሁድ፣ ሰፊው ሕዝብ ባለበት፣ በአንድ ጥይት፣ በአርባ እርምጃ አንዲት ቆቅ ይጣሉ። ከጣሉ ለእርስዎ ትቀራለች። ካልጣሉ ጥቅም የላትም፤ ትሰበሰባለች።»

እጅ ወጣ። ጣሪያ ታየ። አለቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እንግዲህ ያቺ የብስኩት ቆርቆሮ ፊቴ የተከፈተችው። ኦቦ ደቻሳ ከቅባት ጨርቅ ውስጥ ሦስት አጫጭር የብረት ቱቦዎች አወጡ። እያንዳንዳቸው አውራ ጣት ያህል ይረዝማሉ፤ ከጠመንጃዋ አፍ ጫፍ ላይ እንደ ቧንቧ መገጣጠሚያ ይጠመዘዛሉ። «ጉሮሮ ነው የምለው እኔ» አሉኝ። ጥይቷ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ሲወጡ ሰፊው ጉሮሮ ይበትናቸዋል፣ ጠባቡ አንድ ላይ ሰብስቦ ይሰዳቸዋል፣ መካከለኛው መካከለኛ ነው። እኔ ሦስቱን ባያቸው ባያቸው አንድ ናቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ያስገባሉ፤ በአንደኛው ይሽከረከራል፣ በሁለተኛው ይያዛል፣ በሦስተኛው አልገባም ይላል። ልዩነቱ የጥፍር ውፍረት አያህልም። የጥፍር ውፍረት! አርባ እርምጃ ርቃ ያለች ወፍ መሞት አለመሞቷ በጥፍር ውፍረት እንደሚወሰን ሳስብ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ባዩ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጥይቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ውስጧ ጎመንዘር የሚያካክሉ ከመቶ በላይ ፍሬዎች አሉ። ሁለቱ ለከርከሮ የተሠሩ ናቸው፤ አተር የሚያካክሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ፍሬዎች ይዘዋል። የጠመንጃዋ የድሮ መመዝገቢያ ወረቀት ላይም «ከሦስት ጥይት ጋር» ተብሎ ተጽፏል።

ምክር ለመስጠት ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጎባ የማውቀው ጋሽ ሞላ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር እንኳ ወሬውን ሰምቶ መንገዱን አጣምሞ ያንኑ ቀን መጥቷል፤ እሱም ጠመንጃ አልነካም፣ ግን በመኪናው ብዙ ጠመንጃ አሳልፎ ያውቃል። «ትልቁን ፍሬ ነው እንጂ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «በዚህች ጎመንዘር ቆቋን ልትመግቧት ነው?» እኔም ከእሱ ጋር የተስማማሁት በሳይንስ ነበር። ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ በራቸው ሳንቃ ላይ ቀመሩን ጻፍኩ፤ ክብደት ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል፣ ስለዚህ ትልቁ ፍሬ፣ በጠባቡ ጉሮሮ። ከስሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። አዴ ወርቄ በራቸውን አዩና ወደ ጓዳ ገቡ።

ኦቦ ደቻሳ ቀመሩን እስከ መጨረሻው በአክብሮት አዩት። «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «ኮቱ፣ ና እስቲ።»

ወደ አውድማው ወሰዱን። የተለቀለቀው መሬት እንደ ሰሌዳ ለስልሷል። የእኔን ቆብ ከራሴ ላይ አንሥተው መሀል አስቀመጡት። «ይቺ ቆቅ ናት» አሉኝ። ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና «የእጄ ስምንት፣ የጠመንጃዋ አርባ በለው» ብለው ዘጠኝ አተር ቆጥረው ያዙ። ዘር የሚዘራ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚዘራው በክንዱ አይደለም፣ በጣቶቹ ነው። ጣቱን ከፈት ካደረገ ዘሩ ሰፊ መሬት ያለብሳል፤ ጭብጥ ካደረገ አንድ ትልም ላይ ይወርዳል። ኦቦ ደቻሳ ሃምሳ ዓመት የዘሩበትን ያንን እጅ ጭብጥ አድርገው ወረወሩ። ዘጠኙ አተር በቆቤ ዙሪያ ተንጣጥተው ወረዱ። አንዱም ቆቤን አልነካም። ደገሙ። አንዱ ጫፉን ነካ። ሠለሱ። ምንም።

«ትልቅ ፍሬ ጉልበት አለው፣ እውነት ብለሃል» አሉኝ። «ግን በፍሬና በፍሬ መሀል ቆቅ ቆማ ክንፏን ታበጥራለች። እሷን ለመጣል አንዲት ፍሬ ትበቃለች፤ ጭንቁ መገናኘቱ ነው።»

ከዚያ ጎመንዘር ዘገኑ። በተከፈተ ጣት ሲበትኑት አውድማው ሁሉ ጠቆረ፤ ቆቤ ላይ ግን ያረፈችው አንዲት ብቻ ናት። በተጨበጠ ጣት ሲወረውሩት፣ ተንበርክኬ ቆጠርኩ፣ ሰባት ፍሬ። በመጨረሻ ሁለት እርምጃ ብቻ እስኪቀራቸው ተጠግተው በዚያው በተጨበጠ ጣት ሲለቁት የጎመንዘሩ ክምር እንዳለ ቆቤ ውስጥ ገባ። «ይቺ ደግሞ ቆቅ አይደለችም፣ ጥንብ ናት» አሉ። «ጠባብ ጉሮሮ ርቀት ይፈልጋል። ወፏ ወድቃ በሕይወት ካላገኘኋት፣ በስመ አብ ብዬ ካላረድኳት ማን ይበላታል? ክርስቲያኑም አይበላም፣ እስላሙም አይበላም። ትንሹ ፍሬ፣ ጠባቡ ጉሮሮ፣ አርባ እርምጃ፤ ክንፏን ይሰብራል፣ ነፍሷን ለቢላዋ ይተዋል።»

ጋሽ ሞላ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ተንበርክኮ ጎመንዘሩን ራሱ መቁጠር ጀመረ። እኔ የማስተምረው ትምህርት ከአንድ ገበሬ ጣት ውስጥ እንዲህ ሲወጣ ማየት፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ አስፈራኝ። ደስም አለኝ። ቀመሬን ከበሩ ላይ በክርኔ ጠረግሁት።

ልሄድ ስል ኦቦ ደቻሳ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። «መምህር፣ ብመታት ይተዉልኛል ትላለህ?»

«ጓድ ታደለ ቃል ገብቷል እኮ፤ እርስዎም ሰምተዋል።»

«ቃሉን ጽፈኸዋል?»

ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት «የመሣሪያው ጥቅም በተግባር እንዲረጋገጥ ተወስኗል» የሚል ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። «አልጻፍኩትም» አልኳቸው።

«እንግዲያው የለማ» አሉ፤ እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እሁድ ጎህ ሲቀድ የዘር ማሳው ዳር ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። ግማሹ በፈረሱ ላይ እንዳለ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፤ የፈረሶቹ ትንፋሽ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ሰው ከሰው አይተያይም። ኦቦ ደቻሳ ቆርቆሮዋን ከፍተው ጠባቡን ጉሮሮ በትንሽ መፍቻ አጠበቁ። ትንሿን ጥይት ሲያነሡ ከሕዝቡ መሀል ጉምጉምታ ተነሣ፤ ጓድ ታደለ ራሱ «አባት፣ ትልቁ አይሻልም?» አለ፣ ከልቡ አዝኖላቸው። ሁለቱን የከርከሮ ጥይቶች ኪሳቸው ከተቱና ወደ ማሳው ብቻቸውን ገቡ። ተቀመጡ። ጠፉ። እዚያው ዓይናችን እያየ፣ ጋቢያቸው ከማሳው ገለባ ጋር አንድ ሆነና ጠፉ።

ከዚያ አንዲት ቆቅ ጮኸች። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ከሩቅ መለሰች። መጀመሪያ የጮኸችው ኦቦ ደቻሳ መሆናቸውን ያወቅሁት አጠገቤ ያለው ሰው ፈገግ ሲል ነው። ተጠራሩ። የእውነቷ ቆቅ እየቀረበች መጣች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ማነው ማሳዬ ውስጥ የሚጮኸው በሚል ኩራት። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት ኦቦ ደቻሳ ድንገት ተነሥተው ቆሙ። ወፏ ፍርርር ብላ ተነሣች።

«ተኩስ!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ። እኔም ጮኼያለሁ።

አልተኮሱም። ጠመንጃዋ ትከሻቸው ላይ ናት፣ አፏ ወፏን ይከተላል፣ እሳቸው ግን ጸጥ። ሃያ እርምጃ ሆነች። «በል እንጂ!» ሃያ አምስት። ሠላሳ። አመለጠች ብዬ ፊቴን ልሸፍን እጄን አነሣሁ፤ የግርማ ደብዳቤ፣ ያቺ ግድግዳ፣ አዴ ወርቄ ዘወር ብለው የሚያዩት ካስማ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ሠላሳ አምስት። ከሌሊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሚያድር ሰው ብቻ የሚችለው ዓይነት ትዕግሥት ነበር። አርባ።

ጠመንጃዋ አንድ ጊዜ ጮኸች። ቆቋ አየር ላይ አንድ ጎኗን ጥላ እየተሽከረከረች ወረደች። ኦቦ ደቻሳ ሮጠው ደረሱ፤ በስመ አብ ሲሉ ሰማን፤ ከዚያ እየተንፈራገጠች ታርዳ ከፍ አድርገው አሳዩን።

ማንም አላጨበጨበም። ማጨብጨብ በየስብሰባው የምናደርገው ነገር ነበርና ለዚህ አልመጥን አለን። አንድ ሽማግሌ ከፈረሳቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንድ ሰው አንድን ነገር እንዲህ አድርጎ ሲያውቀው፣ ማወቁ ብቻ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ።

በጣም የደነገጠው ግን ጓድ ታደለ ነበር። አብረውት ከመጡት ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ጋር ወደ ጎን ሄዶ ተንሾካሾከና ተመለሰ። «ጓዶች» አለ፣ ድምፁ እንደመቅጠን ብሎ። «መሣሪያው ከፍተኛ ብቃት እንዳለው ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ያለ መሣሪያ፣ በእንዲህ ያለ እጅ፣ ከቁጥጥር ውጭ ሊቀመጥ አይገባም። ወደ ግምጃ ቤት ይግባ።»

ልብ አላችሁ? ብትስቱ ጥቅም የለውም ተብሎ ይወሰዳል፤ ብትመቱ አደገኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል።  እጅ ወጣ። ጣሪያ ስለሌለ ሰው ሁሉ ሰማዩን አየ። የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬም አፍርበታለሁ።

ኦቦ ደቻሳ አልተከራከሩም። ቁጭ ብለው፣ አዳኝ ከተኮሰ በኋላ እንደሚያደርገው፣ ጉሮሮውን ፈትተው በጋቢያቸው ጫፍ ጥላሸቱን ጠረጉ፣ ከቆርቆሮዋ ከተቱ፣ ጠመንጃዋን ወለወሉና ከሁለቱ የከርከሮ ጥይቶች ጋር አስረከቡ። «ደረሰኝ እፈልጋለሁ» አሉ ብቻ። ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አንድ ነጠላ አፍ የወፍ ጠመንጃ፣ ሁለት ጥይት።» ወረቀቱን ተቀበሉኝና ሕዝቡ ፊት፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል አነበቡት። «አ-ን-ድ… ነ-ጠ-ላ…» እስከ መጨረሻው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ኦቦ ደቻሳ በሰው ፊት ያነበቡት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነው። ያስተማርኳቸው ለዚህ ነው? አልኩ በልቤ። 

የሚቀጥለውን ወር ቤታቸው መሄድ አቃተኝ። ባዶውን ካስማ ማየት ፈራሁ። የግርማ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ግድ ሆኖብኝ ሄድኩና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዘልዬ አነበብኩላቸው፤ አዴ ወርቄ ግን ዘወር አሉ፣ ባዶውን ግድግዳ አዩ፣ «ረሳት እንዴ?» አሉኝ። ዋሽቼ «ረስቷት ይሆናል» አልኩ። ኦቦ ደቻሳ ምድጃውን እየቆሰቆሱ ነበር። ቀና ብለውም አላዩኝ።

ማሳው ላይ ግን ጉድ ፈልቷል። ቆቆቹ ጠባቂያቸው መሻሩን የሰሙ ይመስል ቤተ ዘመድ ሰብስበው መጡ። አንደኛው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃዋን ይዞ ወጣ፤ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆማ በምትጭር ቆቅ ላይ አነጣጠረ፣ ተኮሰ። ቆቋ ራሷን ቀና አድርጋ አየችውና ወደ መጫሯ ተመለሰች። በሳምንቱ ጓድ ታደለ ራሱ ሕዝብ ሰብስቦ ሁለተኛዋን ጥይት ተኮሰ። ጥሩ አነጣጣሪ ነበር ይባላል። ቆቋ ግን አንድ ላባ ሳትጥል፣ እየተንቀባረረች በረረች። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ።

ጥይት አለቀ። ለአዲስ ጥይት ለአውራጃ መጻፍ፣ ጠመንጃዋ በየወሩ ስለመፈተሿ ሪፖርት ማድረግ፣ በር ላይ ዘብ ማቆም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቆቅ ለማትጥል ብረት? ደግሞስ ምን ብሎ ይጽፋል? መሣሪያው የሚሠራው በሽማግሌው እጅ ብቻ ነው ሊል ነው? ጓድ ታደለ አንድ ማለዳ ጠርቶኝ «ጻፍ» አለኝ፤ ጻፍኩ። «መሣሪያው ያረጀና የማይሠራ ሆኖ ስለተገኘ ለባለቤቱ ተመልሷል።» ማኅተም ተደረገበት። ኦቦ ደቻሳ ይህንንም ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አሁን ሰረዝ ሰረዝ አላሉም፣ ቀጥ ብለው ነበር ያነበቡት።

በሚቀጥለው እሁድ ለምሳ ጠሩኝ። ጠመንጃዋ ካስማዋ ላይ ተሰቅላለች፤ አፏ ጫፍ ላይ አጭሯ ቱቦ ተጠምዝዛለች። የብስኩት ቆርቆሮዋ ከስሯ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች። ቆርቆሮዋን ሳይ እጄ የያዘውን ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። ደረሰኙ። «አንድ ጠመንጃ፣ ሁለት ጥይት።» ጉሮሮ የሚል ቃል የለበትም! ሦስቱም ጉሮሮ ቆርቆሮዋ ውስጥ ቀርቶ፣ ያለ ጉሮሮ እንደ ተከፈተ ጣት የምትበትን ጠመንጃ፣ መሀሉ ቆቅ ከሚያሳልፍ ዘጠኝ አተር ጋር አስረክበዋል። ያን ቅዳሜ ከአውድማው ላይ ጥይትና ጉሮሮ ሲመርጡ ለቆቋ ብቻ የመረጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሚመርጡት ለእሁዱም ለማግስቱም ነበር። እኔ በቀመር በር ያበላሸሁ ሰውዬ፣ ይህን ለማየት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

«ብላ እንጂ» አሉኝ አዴ ወርቄ።

የወጡን ሥጋ ሳኝክ ጥርሴ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግሁት። ጎመንዘር የምታክል እርሳስ ናት።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ትንሿ ጥይት እኮ ያቺው አንዲቱ ነበረች፤ ተተኩሳለች!»

ጣሪያውን አዩ። «መምህር፣ ወረቀቴ አይሠራም ይላል» አሉ። «የማይሠራ ጠመንጃ ምን ጥይት ይፈልጋል?»

ከምሳ በኋላ ለግርማ ደብዳቤ ተቀመጥን። ላሟ ወልዳለች፣ ጎረቤት ደኅና ነው፣ ዝናብ ጥሩ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው የሚሉኝን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ኦቦ ደቻሳ እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ወሰዱብኝ። «ይቺን እኔ» አሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ እንደ ጠመንጃዋ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አልቸኩል ብለው፣ ትልልቅ ፊደል እያደረጉ ጻፉ። ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ወጥቷል። አዴ ወርቄ ማንበብ ባይችሉም ከትከሻቸው በላይ ቆመው አብረው ያያሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ለእርማት ሰጡኝ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

«ጠመንጃህ ካስማዋ ላይ ናት። አትሠራም። ተመስገን።»